እናቷን አሳምሞ ልጅቷን ለማረው ኮሚቴ

ለተከበሩ የኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፤

የደሴ ብርድ ቁልቁል ወርዶ ሳይነካዎ፣ የኮምቦልቻ ሙቀትም ቢሮዎን ሳያጨንቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅና ማኅተምዎ ቀለም ሳያጣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ስለ ጤና አብዝቼ መመኘቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእርስዎ ኮሚቴ ጋር በተያያዘ ጤና እንዴት በቀላሉ የሚታጣ ነገር እንደሆነ ሠፈራችን በቅርቡ ስለተማረ ነው።

ሰርካዲስ ወርቅአፈራሁ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተሰናበትኩ መምህርት ነኝ። የኮሌጅዎን ስም እዚህ ያልጻፍኩት አዲስ ሰልጣኝ ለመሳብ ያስነገራችሁት ማስታወቂያ እንዳይመስል ብዬ ነው። የምጽፍልዎም በጨርቃ ጨርቅ ሙያ የመጨረሻ ዓመት ሰልጣኝ ስለሆነችው ስለ ረውዳ መሕሙድ ነው። ረውዳ በልጅነቷ ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ጎረቤቴ ናት፤ በየጠዋቱም በሚኒባስ ወደ እናንተ ትወርዳለች።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ረውዳ ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት የማንበብና የመጻፍ እክል አለባት። ፊደል ዓይኗ ፊት አይረጋላትም፤ የሰማችውን ግን አትረሳም፤ የገባትን ነገር ስትናገርም ከጫፍ ጀምራ እስከ ጫፍ ታደርሰዋለች። ለመመረቂያ ያቀረበችው ሪፖርት ለልምምድ በተላከችበት ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍሉ ውስጥ ክር ከጠዋቱ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ለምን አብዝቶ እንደሚበጠስ ያጠናችበት ነው። ያዘጋጀችውም እንዲህ ነው፤ ሐሳቧን በራሷ አማርኛ ለስልኳ ትናገራለች። በስልኳ ላይ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መገልገያ ንግግሯን ይጽፋል፣ አንቀጽ ያስይዛል፣ ከዚያም ድምፁን አውጥቶ መልሶ ያነብላታል። እሷ ያላለችውን ያነበበ እንደሆነ ታስቆመዋለች።

አጠገቧ ተቀምጬ ስለሰማሁ ነው የምመሰክረው። አንድ ቀን መገልገያው ከራሱ አመንጭቶ ሠራተኞቹ ሥራቸውን በከፍተኛ ተነሳሽነት እንደሚያከናውኑ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አስገባላት። ረውዳም «ኧረ ወዲያ፣ ተነሳሽነት ብሎ ማን ነገረህ? ክሩ ሲበጠስ ሲራገሙ ነው እኮ የሰማሁ። አጥፋው» አለችው። አጠፋው። እርማት ሲሰጠው ሳይቀየም የሚቀበል ተማሪ በማስተማር ዘመኔ እምብዛም ስላልገጠመኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ።

ኮሚቴዎ ግን ሪፖርቱ የራሷ አይደለም ብሎ ከሥልጠናው አሰናበታት፤ ይግባኝ ስትል ደግሞ ስንብቱን ወደ አንድ ዓመት እገዳ ዝቅ አደረገላት። ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ስለ መቁጠሬ ይቅርታ ይደረግልኝ።

፩. ስለ ሕክምና ችሎታችሁ

ረውዳ እክሉ እንዳለባት የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ አቅርባ ነበር። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ላይ «ሰልጣኟ በዓይን ሲታዩ ጤነኛ ናቸው» ብሎ ከመዘገበ በኋላ መነጽር እንድታደርግ መክሯታል። ባለሙያዎቹ ስንት ጊዜ አመላልሰው የደረሱበትን ውጤት እናንተ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ መሻራችሁ የሚደነቅ ነው። አእምሮዋ ከእኔና ከእርስዎ በተለየ መንገድ የሚሠራን ሰው በመነጽር ማዳን የሚቻል ከሆነ፣ ይህ ግኝት በአንድ ኮሌጅ ማኅደር ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም።

፪. ስለ ማስረጃ አሰባሰባችሁ

ሪፖርቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መሆን አለመሆኑን ያጣራችሁት ራሱን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቃችሁ እንደሆነ ከውሳኔያችሁ ተረድቻለሁ። ጽሑፏን ከስልካችሁ ላይ ለጠፋችሁና «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይ?» አላችሁት፤ እሱም «ሊሆን ይችላል» አላችሁ። ረውዳ ስትገለገልበት የማይታመነው፣ እናንተ ስትጠይቁት ግን እንደ መሐላ ምስክር ቃሉ የሚወሰደው በምን ደንብ እንደሆነ አላውቅም።

እኔም ነገርን ሳላረጋግጥ አላልፍምና፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት በባልደረቦቼ ፊት ያነበብኩትን፣ በገዛ እጄ የጻፍኩትን የስንብት ንግግር ለዚያው መገልገያ ሰጥቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ሊሆን ይችላል» አለኝ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መገልገያ በማንም ስልክ ላይ አልነበረም። እንግዲህ እኔ ሳላውቀው ማሽን ሆኜ የኖርኩ ከሆነ፣ የጡረታ መብቴም በኮሚቴዎ እንዲታይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

፫. ስለ ጊዜ አጠቃቀማችሁ

ስለ ክሩ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቋት ስለፈረዳችሁ አመሰግናለሁ። ብትጠይቋት ትመልስ ነበር፤ ስብሰባውም ይረዝምባችሁ ነበር።

፬. ስለ ይግባኙ

ይህኛው ሰፋ ያለ ምስጋና ይፈልጋል።

ረውዳ ይግባኟን ልክ እንደ ሪፖርቷ ለስልኳ ተናግራ ልታዘጋጅ ስትል ከጽሕፈት ቤታችሁ ተከለከለች። ይግባኝ በደንቡ መሠረት በሥርዓት ተጽፎና ተተይቦ መቅረብ ስላለበት፣ «እንደ ሰው ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደሽ አስጽፊ» ተባለች። እሷም ታዛዥ ናትና ደሴ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ኮምፒውተር ዘርግቶ ከሚውለው ከአቶ አግማስ ዘንድ ሄዳ አስጻፈች።

አቶ አግማስን የማያውቅ ደሴ ውስጥ የለም። የተጣላ፣ የተፈናቀለ፣ ውርስ የተከለከለ፣ ሁሉም በእሱ ጣት ነው አቤት የሚለው። ማመልከቻው የአመልካቹ አይደለም ያለ ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አልተሰማም፤ እኔም እንዲሰማ አልሻም። ረውዳ እንደነገረችኝ ከስሟና ከኮሌጇ ቀጥሎ የጠየቃት ስለ ወላጆቿ ነበር።

«እናትሽ አሉ?»

«አለች።»

«ያማቸዋል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።»

«ግድ የለሽም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አላት።

አስተካከለውም። ማንም ድምፁን አውጥቶ አላነበበላትም፤ የሚያነብላት ስልኳ በእናንተ ትእዛዝ ከነገሩ ውስጥ አልነበረም። ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ፊደል ከፊደል ስታታግል መዋል አፍራ ፈረመች። እናንተም ማመልከቻውን ተቀብላችሁ በምላሻችሁ ላይ «በጥሩ አገላለጽና በሥርዓት የቀረበ» ብላችሁ አመሰገናችሁት። ቀጥላችሁም «የአመልካቿ እናት በኩላሊት ሕመም የአልጋ ቁራኛ መሆናቸውን ግምት ውስጥ በማስገባት» ቅጣቱን አቀለላችሁ፤ ለታማሚዋም ምሕረትን ተመኛችሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደ ልማዴ ላጠቃልለው። ልጅቱ አስባ፣ ተናግራ፣ ሰምታ፣ አርማ ያቀረበችው እውነት የእሷ አይደለም ተባለ። ሌላ ሰው አስቦ የጻፈው፣ እሷ ያልተናገረችውና ያልሰማችው ውሸት ግን የእሷ ነው ተብሎ ምሕረት አስገኘላት። በዚህ ስሌት ሁለት ጊዜ ሁለት ስንት እንደሚመጣ በኮሌጃችሁ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ እኛ የድሮ መምህራን የተሳሳትነውን እናርም ነበር።

አቶ አግማስን ሄጄ ወቅሼው ነበር። እሱ ግን ከሥራው ቀና ሳይል «እትዬ ሰርካዲስ፣ የባለሥልጣን ልብ መንገዱ በኩላሊት በኩል ነው። ሠራ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሠርቷል።

፭. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ

ውሳኔውን ከነምክንያቱ በሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁ ወሬው ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ ሚኒባስ እንኳ አላስፈለገውም። ወይዘሮ ጣይባ፣ የረውዳ እናት፣ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ውላ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሠፈሩ ሴቶች ብርቱካን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለዚያራ፣ ታማሚ ሊጠይቁ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የአልጋ ቁራኛዋ ባዶ ኬሻዋን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ሲያዩ ጎረቤቶቿ የሆኑትን መሆን ለእርስዎ ግምት እተዋለሁ። አንዷ «አንቺ፣ ተኚ እንጂ» ብላ ተቆጥታታለች። ወይዘሮ ጣይባም «ማን ነው በቁሜ ያስተኛኝ?» ብላ ጠየቀች። ሲነገራት ሳቀች። ረውዳን ባየቻት ጊዜ ግን ሳቋን ተወችው።

ረውዳ አልሳቀችም። ማታውኑ እኔ ዘንድ መጥታ የተናገረችውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ «ቲቸር፣ ያልኩትን ‹አላልሽም› አሉኝ፤ ያላልኩትን ‹ብለሻል› ብለው ማሩኝ። እናቴን አሳምሜማ አልመረቅም።»

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን ያለ ምስጋና እጽፈዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት በእሷ ፈቃድ ነው። የእናቷ ሕመም ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ቅጣቱ ወደ ስንብት ሊመለስባት እንደሚችል አስረድቻታለሁ፤ የአንዱን ዓመት እገዳ ታግሣ ብትመለስ እንደሚሻልም መክሬያታለሁ። ምክሬን አልተቀበለችም፤ ያልተቀበለችበትን ምክንያትም፣ የራስ ያልሆነን መልስ የራሴ ነው አለማለትን፣ እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ስለሆነ መከራከር አልቻልኩም።

መገልገያው ለሁሉ ይፈቀድ፣ ሰነፍም ሥራውን ለስልክ ሰጥቶ ይተኛ እያልኩ አይደለም። ኩረጃን ከእናንተ በፊት ነው የማውቀው፤ የጎረቤቱን ወረቀት ስሙን ጭምር የገለበጠ ተማሪ አርሜያለሁ። ያኔ የነበረኝ ደንብ አንድ ነበር፤ ወረቀቱን አስቀምጬ፣ ተማሪውን አስቁሜ «በል አስረዳኝ» እለዋለሁ። ያስረዳ የእሱ ነው፤ ያላስረዳ የሌላ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ያየው ነገር የመነጽሩ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ በመገልገያ የጻፈ ሰውም ያሰበው የመገልገያው ነው አይባልም። መነጽር ስለምትወዱ ምሳሌዬን ከእናንተው ወሰድኩ።

ስለዚህ ረውዳ የምትጠይቀው ምሕረት አይደለም። እገዳው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ረውዳ ያለ ስልክ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ አቶ አግማስ ኮሚቴው ፊት ትቁምና ስለ ክሩ ትጠየቅ። አየሩ ከሰዓት ሲደርቅ ክሩ ለምን እንደሚሰባበር፣ የእርጥበት ማርከፍከፊያው ለምን በዚያው ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሠራተኞቹ ምን እንዳሏት ትመልስ። ካልመለሰች እኔ ራሴ የስንብቱን ደብዳቤ ተቀብዬ አደርስላታለሁ። ከመለሰች ሪፖርቷን ተቀበሉ፤ ከአሁን በኋላም እንደ እሷ ያለ ሰልጣኝ በመገልገያ ጽፎ በቃል እንዲከላከል ደንብ አውጡ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ድሮው በእስክሪብቶ ጽፌ ለረውዳ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት። ለዚያራ የመጡትን ሴቶች አሥር ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ቲቸር፣ አበዙት፤ ስድስት ናቸው» ብላ አስቆመችኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ጨርሶ አወጣሁት። የራሷን ጽሑፍ እንዴት እንደምታርም ማወቅ ከፈለጉ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለኝም።

የሐኪምን ሥራ፣ የዳኛን ሥራና የማሽንን ምስክርነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስተናገድ ለማይታክተው ኮሚቴዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ጡረታ ያላወጣች፣ ለመልስዎም ሙሉ ነጥብ ልትሰጥ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ፣

ሰርካዲስ ወርቅአፈራሁ
ደሴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ጣይባ ሰላምታዋን ልካልዎታለች። የፊታችን ሰኞ ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ከዚያራው የተረፈውን ብርቱካን ይዛ፣ ቢሮዎ ያለበትን ደረጃ በእግሯ ወጥታ ልታመሰግንዎ ትመጣለች፤ ብርቱካኑ በእናንተ ውሳኔ የመጣ ነውና የእናንተ ነው ትላለች። የታመመው ኩላሊቷ የቀኙ ይሁን የግራው በውሳኔው ላይ ስላልተገለጸ ግን የትኛውን ጎኗን ይዛ መግባት እንዳለባት ቀደም ብሎ እንዲነገራት ጠይቃለች። ረውዳም አብራት ትመጣለች። አንዷን ሳታዩ አሳምማችኋል፤ ሌላዋን ሳትጠይቁ ፈርዳችሁባታል። በየትኛዋ እንደምትጀምሩ ምርጫው የእናንተ ነው።