እልልታሽን መልሺልኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ጦቢያ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ቆሞ ማብሰል ያመጣብሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የሞያሌ ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? ጋሽ ሀብተሥላሴስ ደህና ናቸው? ስኳራቸውን ይጠነቀቃሉ ወይስ አንቺ ዞር ስትዪ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ይጠጡታል? ልጅሽ ፀሎቴስ አደገች? ምግብ ቤቱስ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን ስልሽ ታዲያ በጤና በኩል ማለቴ ነው። በንዴት በኩል እኔ ወንድምሽ ደህና አይደለሁም።

በዚህ በሞባይል ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና አፌን ስከፍት ትጮሂብኛለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ እኔም እንደተቃጠልኩ እቀራለሁ። ደብዳቤ ላይ ግን አታቋርጪኝም። ስለዚህ የእንግዳውን ሂሳብ ለረዳትሽ ለገበያነሽ ስጪና ጓዳ ገብተሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምጽፍልሽ ባለፈው እሁድ ስለሆነው ነገር ነው። አንቺ በስልክ የሰማሽው ግማሹን ነው፤ እኔ ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

እሁድ ጠዋት ገና ቁርስ ሳንቀምስ በር ተንኳኳ። ብከፍተው ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከፊት የቆሙት ማን ይሁኑ ብትዪ አቶ ገብረሃና፣ የእኔው የመምሪያ ኃላፊ! ከኋላቸው ጋሽ ኢዘዲን ባለሱቁ፣ ሦስተኛውን አላውቃቸውም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለትንሿ እህታችን ለልዩ ነው የመጡት። እሷ ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ ስለነበረች ገና አልገባችም። ይሁን፣ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ባትኖር ነውር የለውም። ግቡ አልኳቸው፣ እነሱም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ ደስም አለኝ። የማን ልጅ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ኤርሚ ነው። ያ ኳሱ አጥበሽ ያሰጣሽው አንሶላ ላይ እያረፈ በመጥረጊያ ስታባርሪው የነበረው፣ ከልዩ ጋር አንድ ክፍል የተማረው ኤርሚ። አሁን የመስሪያ ቤታችን ክለብ አጥቂ ነው፤ ፎቶው በየጁስ ቤቱ የተለጠፈው እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ምንም አላልኩም። ግን ገና ተነጋግረን ሳንጨርስ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኤርሚ ራሱ መጥቷል! ኧረ በሕግ አምላክ! ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ የሚመጣው ከመቼ ወዲህ ነው? እሱ እኮ ቤቱ ቁጭ ብሎ ልቡ እየመታ ወሬ መጠበቅ ነበረበት። ጋሽ ሀብተሥላሴ አንቺን ሲያስጠይቁ ሽማግሌዎቹ እስኪመለሱ ድረስ እህል እንዳልቀመሱ አባባ እየሳቁ ሲያወሩ አልሰማሽም? ይኸው ዛሬ ጠያቂው መነጽሩን አድርጎ ከነመኪናው ደጃፋችን ላይ ቆመ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። የኔዋ ባለቤት እንኳ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ሞባይሏን ይዛ ወጥታ አብራው ፎቶ ተነስታ ተመለሰች። ከሁሉ የገረመኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ቆመው ሊለምኑኝ የመጡት ሰዎች እኔን ትተው መስኮቱ ላይ ተደርድረው ልጁን ያያሉ። በገዛ ቤቴ ብቻዬን ቀረሁ።

እንደምንም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አቶ ገብረሃና «ይሄ እንኳ ብዙ ምክክር የሚያስፈልገው አይደለም» አሉኝ። እኔም፣ መስሪያ ቤት ብሆን ኖሮ እሺ እል ነበር፣ ቤቴ ነኝና «በወጋችን መጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም፤ በእናታችን ቦታ ያለች ታላቅ እህት አለችን፣ ልጅቷም ትጠየቃለች፣ ቀጠሮ ውሰዱ» አልኩ። ታላቅ እህት የሚለውን እንጂ ልጅቷ ትጠየቅ የሚለውን ማንም አልሰማኝም። ቁጥርሽን ከባለቤቴ ተቀብለው ደወሉና ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ላውድ ላይ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። «የቱ ኤርሚ? ኳስ ተጫዋቹ? ያ የኛው ኤርሚ?» አልሽ። አዎ ሲሉሽ ሳትተነፍሺ እልል! ምግብ ቤትሽ ውስጥ ያለው እንግዳ ሲያጨበጭብ ሁሉ ይሰማ ነበር። ፀሎት የሱን ፖስተር ከራስጌዋ ሰቅላ ነው የምትተኛው ብለሽም ጨመርሽ። ደጅ ያሉት ሴቶች የአንቺን እልልታ ሲሰሙ ተቀበሉት፣ የመኪናው ጥሩምባ ተጨመረበት፣ አቶ ገብረሃና ስልኩን ዘግተው «እንግዲህ አለቀ» አሉ። ምኑ ነው ያለቀው እትዬ?

አልፎ ተርፎ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ከእንግዲህማ ልጅቷ ሌሊት ለሌሊት ጤና ጣቢያ መመላለሱን ትተዋለች። ለእሱም ክብር አይሆንም። እሱ በአንድ ፊርማ የሚያገኘውን ብር እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ብታዋልድ አታገኘውም» አሉ። ጋሽ ኢዘዲን ይህን ሲሰሙ አቀረቀሩ፤ ልጃቸው ሪሐና መንታዎቿን በማን እጅ እንደወለደች ያውቃሉና። ሰውየው የልጁን ዋጋ ነው የነገሩኝ ወይስ የእህቴን? እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ይህን ጊዜ ልዩ መጣች። ከተረኝነት ወጥታ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ከመንገድ ጀምሮ እልልታውን ስትሰማ ምን እንደመሰላት ታውቂያለሽ? ሰው የወለደ! ሕዝቡን እየገፋች ሮጣ ገባች፣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች «ማን ናት? የት ናት? ለምን ቶሎ አልጠራችሁኝም?» አለች። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። «አንቺው ነሽ እንጂ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ አልሳቅኩም። ፊቷን ስለማየው መሳቅ አልቻልኩም። እጅጌዋን ቀስ አድርጋ መልሳ አወረደችና ወደ ጓዳ ገባች።

በነጋታው ቢሮ ስገባ ደግሞ የሚያልፍ የሚያገድመው «አማቻችን!» ይለኛል። እንደምታውቂው እኔ ያለሁት ስምሪት ክፍል ነው። የሠራተኛው ሰርቪስ አውቶቡስ ጎማው አልቆ ከመስከረም ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ጎማ ግዙልን ባልን ቁጥር በጀት የለም ይሉናል። ሠራተኛው እስከ ለገሃር በእግሩ ሄዶ ታክሲ ይጋፋል፣ እርጉዞቹ ሳይቀሩ። አቶ ገብረሃና ታዲያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሠርጉ ይለፍና የሰርቪሱንም ጎማ እናስገዛለን» አሉኝ፣ እየሳቁ። ታዲያ እስከዛሬ በጀቱ የት ነበር? የት እንደነበር እኔ ልንገርሽ፤ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ነበር! የክለቡ አውቶቡስ ጎማ በዚያው መስከረም ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፤ የስምሪት ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ይህን ለጋሽ ኢዘዲን ሱቃቸው ሄጄ ብነግራቸው ተከራከሩኝ። «መዝገቡ፣ ስቴዲየሙን የሚሞላው እሱ ነው። ልዩ ስታዋልድ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ማን አለ? ሰው የሚወደውን ይከፍላል፣ አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ እኔም በልጅነቴ ስቴዲየም አጠገብ ዛፍ ላይ ወጥቼ አይቻለሁ፣ ኤርሚ ጎል ሲያገባ እኔም ተነስቼ እጮሃለሁ። ሰው ከኪሱ አውጥቶ ቢከፍለው፣ ወርቅ ቢያለብሰው ቅር አይለኝም። ግን ይሄ የትኬት ገንዘብ አይደለም እትዬ። የትኬቱ ገንዘብ የስቴዲየሙን ዘበኛ እንኳ አይከፍልም። ይሄ የመስሪያ ቤት ገንዘብ ነው፤ የእኔ ጎማ ነው፣ የዚያች እርጉዝ ጸሐፊ የእግር መንገድ ነው። ጋሽ ኢዘዲን ስኳር መመዘናቸውን ቀጠሉ።

አላስችል ቢለኝ ልጁን ራሱን ላገኘው ሄድኩ። ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪናውን ሲያሳይ አገኘሁት። ልሰድበው ነበር የሄድኩት፣ ምን እደብቅሻለሁ። እሱ ግን ወንበር አስመጣልኝና የሱሪውን እግር ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየኝ፤ ሁለቴ የተቀደደ ጉልበት ነው። «ጋሽ መዝጌ፣ ይሄ ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢያገለግለኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጡረታ የለኝ፣ የተማርኩት የለኝ። አምና ፔናሊቲ ስስት በውሃ ጠርሙስ የወገሩኝ እነዚሁ ዛሬ ፎቶ የሚነሱት ናቸው። ብሩን ሲሰጡኝ እምቢ ልበል? አንተ ብትሆን ትል ነበር?» አለኝ። አልልም። ልጁ በሰጡት ልክ ነው የወሰደው፤ ሰጪዎቹን ነው መጠየቅ። ልዩ ሥራዋን ትተዋለች ያልከው አንተ ነህ ወይ ስለው «እኔ አላልኩም» አለ። አትተውም ብለህስ ተናግረሃል ወይ ስለው አቀረቀረ። ለምን ራሷን አልጠየቅካትም ስለውስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፈራኋት» አለኝ። ሙሉ ስቴዲየም የማይፈራው ልጅ የኛን ልዩ ፈራ! እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ሰዓት ወደድኩት። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ አድራሻውን ቀየረ እንጂ።

አድራሻው ደግሞ አንቺ ነሽ እትዬ። አዎ፣ አንቺ! ከአንቺ ይህን አልጠበቅኩም። ማታ ልዩን ቁጭ አድርጌ ምን ትያለሽ ብላት፣ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። «ኤርሚን አልጠላውም። ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት እኔም አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝማ። ሥራዬን ግን ለማንም አልተውም። እትዬ እልል ያለችው ለማን ነው? ለእኔ ነው ለእሱ?» አለችኝ። መልሱን አንቺ ጻፊላት።

ፀሎት የተወለደች ቀን ትዝ ይልሻል? አይልሽም፤ ራስሽን ስተሽ ነበር። ደምሽ አልቆም ብሎ ዶክተሩ እስኪመጣ ድረስ ልዩ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፣ እጇን ከላይሽ ሳታነሳ ደግፋሽ ነበር። በኋላ እኛ ደጅ የቆምነው ለሕፃኗ እልል አልን፣ ለአንቺም አልን። ለልዩ ማንም አላለም። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጥብ ነበር። አሁን አቶ ገብረሃና ለክብር አይሆንም የሚሉት ያንን ሥራ ነው፤ አንቺም በእልልታሽ አጸደቅሽላቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሽማግሌዎቹ ከሁለት እሁድ በኋላ ቀን ሊቆርጡ ይመለሳሉ። አንቺ ከዚያ በፊት በዚያው ስልክ ደውዪላቸው፣ ላውድ ላይ አስደርጊው፣ «እህቴን ሳልጠይቅ ነው እልል ያልኩት፣ መልሼዋለሁ፤ ልጁ መጀመሪያ ራሷን ይጠይቃት፣ ሥራዋም አይነካም» በያቸው። አቶ ገብረሃና በእኔ ላይ ፊታቸውን ያጠቁሩ ይሆናል፤ ያጥቁሩ። የኔን ጣጣ እኔ እችለዋለሁ። ልዩ ተጠይቃ እሺ ካለች ያኔ እንደገና እልል በዪ፣ ከዚህ የምቀበልሽ እኔ ነኝ፣ ወንድ ነኝ ብዬም አላፍርም። እምቢ ካለችም እልል በዪላት፤ ለእሷ ይሁን።

ለጋሽ ሀብተሥላሴ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ፣ ሻዩን ይቀንሱ በያቸው። ለገበያነሽ እጇ ይባረክ፣ ባለፈው የላከችው ቅቤ ደርሶናል። ባለቤቴ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ያነሳችውን ፎቶም ልትልክልሽ ፈልጋ ከልክያታለሁ። በእሱ ፋንታ ሌላ ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ፤ ልዩ ናት፣ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ስትስቅ። ፀሎቴን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የኤርሚን ፖስተር አውርጂባት አልልሽም፤ ልጁ ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ይኑር። ብቻ ከጎኑ ቦታ ፈልጊና ይህችንም ስቀዪላት። ይህች ማን ናት ብላ ስትጠይቅሽ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት።

ወንድምሽ መዝገቡ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2006 ዓ.ም.