የእግር ማጠቢያው ሳፋ

የምሳሳልሽ ልጄ፣ የሰው አገር ሰው ይሁንልሽ፤ ጌታ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። እኛ ጤናችንን ደህና ነን፤ ጸባያችንን ግን አትጠይቂኝ።

መኖናይት ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ ሰላም ስለ ማውረድ ስታስተምር ሰነበተች። አባትሽና አጎትሽ ከተኳረፉ ወዲህ የእንጨት ሥራ ቤታቸው እንደተዘጋ ነው። አባትሽ ሥራ ፈቶ የኔን ድስት ሲከፍት ይውላል። እዚያ ቢታረቁ ብዬ ሁለቱንም እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። መምህሩ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ጠብን የሚያውቀው በወሬ ይመስለኛል። እሁድ ዕለት "የተጣላችሁ እግር ተጣጠቡ" ብሎ ሳፋ አስመጣ።

ሁለቱም እኩል ተንበረከኩ።

"ተነሥ፣ ታላቅህ ነኝ፤ እኔ ልጠብህ" አለ አባትሽ።

"ዛሬም ታላቅነትህን ልትጭንብኝ ነው? ዝቅ የምለው እኔ ነኝ!"

"አንተ ደግሞ መቼ ዝቅ ብለህ ታውቃለህ!"

ሳፋውን ሲጓተቱ ውሃው መምህሩ ጫማ ላይ ተደፋ። የሰላም መምህሩም ፈገግታውን ረስቶ "ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!" ብሎ አንባረቀ። ትሕትናን እንደ ርስት የሚሻሙ ሽበታሞች! እኔ ወለሉን ስወለውል፣ ጉባኤው ስለ ማገልገል ቆሞ ይዘምር ነበር።

ሥራ ቤቱ ዛሬም አልተከፈተም። ሁለቱም አንቺ እንድትፈርጂላቸው መደወላቸው አይቀርም። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም በፍቅር አነጋግሪያቸው፤ ማን ቀድሞ እንደደወለልሽ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። አምላክ አስተዋይ ትዳር ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ