ማል ስለተባለው አባቴና ስላገኘሁት የልምምድ ቦታ

ለክቡር አቶ ማስረሻ
የጥብቅና ድርጅቱ ዋና ሸሪክ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች፣ ደንበኞችዎም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ? በእኛ በከሚሴ ሰው በኦሮምኛው አካም፣ ነጋያ፣ እንደምን ነህ፣ ሰላም ነው ሳይባባል፣ የከብቱን ደኅንነት እንኳ ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ ቢገባ ነውር ነውና ሰላምታዬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስሜ ፊርደውስ ሙሀመድኑር ይባላል። የሕግ ትምህርቴን ዘንድሮ የምጨርስ ተማሪ ስሆን፣ በድርጅትዎ በተለማማጅነት እንድሠራ መመረጤን የሚያበሥረው መልእክትዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬ ተደበላልቆ እንዳይጠፋብኝም በቁጥር ለይቼዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ካመለከትኩባቸው የጥብቅና ድርጅቶች አንዱ ለተለማማጅ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ጠየቀኝ፣ ሌላው የአዲስ አበባ መታወቂያ አምጪ አለኝ፣ የቀሩት ዝም አሉ። እርስዎ ግን ለቃለ መጠይቅ በአካል እንድቀርብ ጠሩኝ። ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ስላልነበረ በስልክ ቢያደርጉልኝ ብዬ መለመኔን፣ ጸሐፊዎም ጠበቃ በቀጠሮው ይገኛል ብላ መመለሷን እዚህ አላነሣም። ደርሼ እስክደውል ድረስ እናቴ ውሃ እንኳ በጉሮሮዋ አልወረደም። እንደዚያ ተሳቅቄ በመምጣቴ ብቻ የምገመገም መስሎኝ ነበር፤ የሞኝ ነገር!

፪. ለእጩዎች ስላወጡት የዝግጅት ምክርም አመሰግናለሁ። የአክስቴ ልጅ ጀነት እርስዎን ሆና፣ የአባቷን ኮት ደርባ፣ ከአልጋው ማዶ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ ሰነበተች። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትደርሻለሽ ስትለኝ አላህ ካለ ብዬ እጀምራለሁ፤ እሷ ደግሞ እንዲህ ማለት በራስ አለመተማመን ነው ብላ ትቆጣኛለች። ራስን ማመስገን ባደግሁበት ቤት ስለሚያስነውር፣ ጠንካራ ጎኔን ስናገር ዓይኔ መሬት መሬት እያየ አስቸገረኝ። ከምክሮችዎ መካከል ግን አንዱ፣ ሌላው እጩ የማያውቀውንና አንቺ ብቻ የምታውቂውን ተናገሪ የሚለው፣ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ከገጠር የመጣች ልጅ ሌላ ምን አላት? በቃሌ ያዝኩት። ምነው ባልያዝኩት።

፫. በቃለ መጠይቁ ዕለት ስላሳዩኝ ደግነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባልደረባዎ ወይዘሮ ቤተልሄም ድምፄ ሲደርቅ አይተው ውሃ ቀዱልኝ። ያን ያህል ደግ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ጠየቁኝ፦ በገጠር በቃል ብቻ ውል ተደርጎ፣ ከምስክሮቹ አንድ ብቻ በሕይወት ቢቀር፣ እሱም አገር የሚያምነው፣ ከቶ የማይዋሽ ሽማግሌ ቢሆን፣ ለደንበኛሽ ስትይ የዚህን ሰው ምስክርነት እንዴት ታስቀሪዋለሽ አሉኝ። አብረውኝ የቀረቡት እጩዎች ስለ መስቀለኛ ጥያቄ ሲናገሩ፣ እኔ ግን ብቻዬን የማውቀውን አወጣሁ። በእኛ አገር እውነተኛ ሰው በእውነትም ቢሆን አይምልም፤ መሐላ ዘር ያጠፋል ይባላልና እውነተኛነቱ በጨመረ ቁጥር መሐላ መፍራቱም ይጨምራል አልኩ። የራሴ አባት፣ ሙሀመድኑር፣ በሬህ ማሽላዬን በላብኝ ተብሎ ማል ሲሉት፣ በሬው ከጓሮ ታስሮ መዋሉን እያወቀ ከመማል ማሽላውን መክፈል መርጦ እንደነበር በኩራት ተረክኩላችሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምስክር መሟገት አያስፈልግም፣ ቁርኣን ይዞ ይማል ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል አልኩ። እርስዎ ፈገግ አሉ። ወይዘሮ ቤተልሄም ጻፉ። እኔ ደስታዬን ይዤ ከሚሴ ገባሁ።

፬. ይህኛው ምስጋና ከበድ ይላል። እትዬ ሀዲጃ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን በጨፋ ሮቢት ዳር፣ አስፋልቱን ተጠግቶ፣ አንድ የጤፍ ማሳ ነበራቸው። ባላቸው በሕይወት ሳለ ማሳውን ለአንድ ነጋዴ ለአንድ መኸር ብቻ አከራይተውት ነበር። ውሉ የተደረገው እንደ አገሩ ወግ እጅ ተመታቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። ባላቸው ሲሞት ነጋዴው ማሳውን ለመጋዘን አጠረው፣ ውሉም የአንድ መኸር ሳይሆን የሃያ ዓመት ነው አለ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች የቀረው አባቴ ብቻ ነው። ጠበቃ የሌላቸው እትዬ ሀዲጃ ከቃለ መጠይቁ ከተመለስኩ በኋላ ሲከሱ አቤቱታቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ስሆን፣ ኑሮው አዲስ አበባ የሆነው ነጋዴ ማንን ጠበቃ እንዳቆመ ግን እስከ ምስክር መስሚያው ቀን አልሰማንም ነበር።

ችሎት ስገባ ወይዘሮ ቤተልሄምን አየሁና ሮጬ ሰላም አልኳቸው። አላወቁኝም፤ ወይም እንደዚያ መሰሉ። አባቴ ሲጠራ ዳኛው የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠባይ ስለሚያውቁ እንደ ወትሯቸው እውነት እናገራለሁ ብቻ አስብለው ሊሰሙት ሲሉ፣ ወይዘሮ ቤተልሄም ተነሡና ምስክሩ ሙስሊም እንደ መሆናቸው ቁርኣን ይዘው ይማሉልን ሲሉ አጥብቀው አመለከቱ። አባቴ ቁርኣኑን አየ፣ እትዬ ሀዲጃን አየ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦ «የማውቀውን እናገራለሁ። የአላህን ስም ግን ለመሬት ብዬ አላወጣም።» ምስክርነቱ ሳይሰማ ወረደ። ማሳው ለደንበኛዎ ተወሰነ። እትዬ ሀዲጃ ዛሬ በሰው ማሳ አረም ያርማሉ፤ ከችሎት ስንወጣ ግን አባቴን አበጀህ፣ ዘርህን አተረፍክ ነው ያሉት። በእኛ አገር ባለመማሉ የሚወቅሰው አንድም ሰው የለም። ወቀሳው የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

የምርጫ ደብዳቤዎ ከዚያ በኋላ መጣ። በቃለ መጠይቁ ያሳየሁት ተግባራዊ ግንዛቤ ከሌሎቹ እጩዎች እንዳስበለጠኝ ይገልጻል። አልዋሸም፣ በልጫለሁ። ከእጩዎቹ መካከል ሥራ ሳይጀምር ለድርጅትዎ መዝገብ ያስረታ ከእኔ በቀር ማን አለ? ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ሌሊት እንደጸለይኩ ብነግርዎ ይስቁብኛል። ያለ ልምምድ ከተመረቅሁ የሚቀጥረኝ እንደማይኖር አውቃለሁ፣ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም የሰጡኝን ቦታ በታላቅ አክብሮት መልሼልዎታለሁ። ትዕቢት እንዳይመስልዎ። በቢሮዎ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከሌላ አገር የመጣች ሌላ ልጅ ስለ አባቷ ስትተርክ ውሃ የምቀዳላት እንዳልሆን ፈርቼ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አፌን አንዴ አውልቄዋለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም።

ላሸነፉበት ብልሃትዎ፣ ሕግ ስላልጣሱም ጭምር፣ ከፍ ያለ አድናቆቴን እየገለጽሁ፣ መጋዘኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ጥላው ለእርስዎም ለደንበኛዎም እንዲበቃ እየተመኘሁ፣ ለደረሰኝ ትምህርት ሁሉ ባለዕዳዎ ሆኜ እቀራለሁ።

አክባሪዎ
ፊርደውስ ሙሀመድኑር
ከከሚሴ

ሳልረሳው፦ አባቴ አንድ ነገር አልገባውም። ከችሎቱ ወዲህ መግሪብን ሰግዶ በተቀመጠ ቁጥር፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያቺ የአዲስ አበባ ሴት እኔ እንደማልምል በምን አወቀች?» ይለኛል። እኔም ተነሥቼ ቡናውን አቀርብለታለሁ። ደብዳቤውን ለእርስዎ ብቻ በፖስታ ልልከው እችል ነበር፤ ግን ለጋዜጣም ሰጥቼዋለሁ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ በጋዜጣ ከወጣ ግን ከሚሴ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው አይጠፋም።