የሑሴን ግለ ሂስ

ሰኞ

ሑሴንን አሰሩት። የእህቴን ባል። አሰንዳቦ ላይ ቡና ጭኖ ሲያልፍ አንድ ሽማግሌ ገጨ፤ እግራቸው ተሰብሯል። ሌላው ሹፌር ነድቶ ይጠፋ ነበር። ይሄ ግን ጋቢና አስገብቶ ጅማ ሆስፒታል አደረሳቸውና በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ስሙን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ሰሌዳውን ሰጠ። ሕጉ ያዘዘው ይህንኑ ነው።

የአምሳ አለቃው መልስ፦ «ጥፋት ባይኖርብህ ምን አመጣህ?»

የሸሸ በመሸሹ ጥፋተኛ፣ የመጣ በመምጣቱ። ንጹሕ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ማክሰኞ

የቀበሌው ሊቀመንበር ቸርነት አደረገልን። ሑሴን ሐሙስ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ያድርግ፣ ጥፋቱን ለሰፊው ሕዝብ ይናገር፣ ይለቀቃል።

ባለሱቁ ጎረቤታችንም ስኳር ደብቄአለሁ ብሎ ራሱን ሂስ አድርጎ ነበር። ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደረሰ። እስካሁን አልተፈታም።

አይናገር ስላት እህቴ ታለቅሳለች። «አቦ፣ አጠፋሁ ይበልና ይምጣልኝ! ሕግህን ለራስህ አንብበው።»

የመኪናው ፍሬን ላልቶ ነበር። ጋራዡ «እንዲሁ ንዳው» ብሎ ነው የላከው። ሐሙስ ይህን ከተናገረ ጋራዡ አይታሰርም፤ እሱ ነው የሚበሰብሰው።

ረቡዕ

ምሳ ይዤለት ሄድኩ። በኦሮምኛ ስናወራ ጠባቂው «በአማርኛ አውሩ!» ብሎ ጮኸብን። በኦሮምኛ።

«ስምህን መናገር ግዴታህ ነው» አልኩት ሑሴንን። «ራስህን መክሰስ ግን ያንተ ሥራ አይደለም። ለዚያ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ።»

«ዝም ካልኩ አድኃሪ ይሉኛል።»

«ይበሉህ።»

ለማለት ቀላል ነው። የታሰርኩት እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ

አዳራሹ ሞልቷል። ሑሴን በሁለት አብዮት ጥበቃዎች መሃል ቆመ።

«ጓዶች፣ ራሴን ሂስ አደርጋለሁ። ስሜ ሑሴን ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ። ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌውን ሆስፒታል አድርሻለሁ፤ አላህ ያሽራቸው። ሌላውን ዳኛ ሲጠይቀኝ።»

ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ ቀላ። «ይሄ ግለ ሂስ ነው ወይስ መታወቂያ?»

ከኋላ አንዲት እናት፦ «ሰውየውን አድርሷቸዋል እኮ! ተሸክሟቸው ይዙርላችሁ?»

ሕዝቡ ሳቀ። የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ።

ዓርብ

አልፈቱትም። ግን መዝገቡ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ ያለ እምነት ቃል። እህቴ ዛሬ እህል ቀመሰች።

ከሰዓት ሊቀመንበሩ እኔን አስጠራኝ። «ማነው እንደዚያ በል ያለው?»

ስሜን ነገርኩት። ከልጅነቱ የሚያውቀውን ስሜን፣ ከነአያቴ።

«ሌላስ?»

ዝም አልኩ።  በመጨረሻ «ሂድ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» አለኝ።

አፌ ከስሜ ሌላ ምንም አልተናገረም። ጉልበቴ ግን እስከ ሄርማታ ሰፈር ድረስ ሁሉንም ሲናዘዝ ሄደ።