ለክቡር ራይስ ኢስማቱሎ፣ ስለ አኻያ አርጩሜዎ

ለተከበሩት የዛርዶሉ ሠፈር ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ለራይስ ሐጂ ኢስማቱሎ፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያ የማይደክመው ቀኝ እጅዎ ደኅና ነውን? እኛ በጥበቃዎ ሥር እጅግ ጸጥ ብለን አለን። ይህን በአደባባይ የምጽፈውም ጸጥታችን ምን እንደሚመስል እንዲያውቁልን ነው።

እኔ ሳፋርጉል ነኝ፤ የሚኒባስ ሾፌሩ የኑስራት ሚስት፣ የሁለት ዓመት ተኩሉ የሶርቦን እናት። እንደሚያስታውሱት፣ ሴቶቹ በማድረቂያው ሜዳ ተሰብስበን አፕሪኮት ስንፈለቅቅ፣ ቢላዋ ስለነጠቅሁት ሶርቦን ፊቴን በጥፊ መታኝ። ተንበርክኬ ሁለት እጆቹን ያዝሁና፣ «ተናደሃል፣ አውቃለሁ። መምታት ግን የለም» አልሁት። ጮኸ፣ ተንፈራገጠ፣ በመጨረሻም አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እርስዎ በዚያ ባያልፉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለቴ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በማግሥቱ ከልጄና ከአማቴ ጋር ወደ ሻይ ቤቱ አስጠርተው ስላስተማሩን ትምህርት ነው። ዛሬ እናቱን የመታ ነገ ሠፈሩን እንደሚያቃጥል ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ፉት እያሉ በሚሰሙበት አስረዱን፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከዚያም ልጁን መደቡ ላይ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እጅህን ዘርጋ፣ የኔ አንበሳ» አሉት። ስጦታ መስሎት ሁለቱንም ዘረጋ።

አማቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። በአርጩሜዎ የመጀመሪያ ምት ልጄ ጮኸ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አለ። እርስዎም «አያችሁ? ገባው» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁዎ።

ሁለተኛው ስለዚሁ ዝምታ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ልጄ አልመታኝም፤ ሲወድቅም ወደ እኔ አልሮጠም። አባቱ ኮፍያውን ሊሰቅል እጁን ሲያነሣ ፊቱን ይሸፍን ጀመር። ኑስራት ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ ያን ሲያይ ኮፍያውን መሬት ላይ ትቶ ወጣ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዳቦ ስጋግር ከቤት ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ብገባ፣ ገና በመዳህ ላይ ያለችውን እኅቱን ትራስ አስደግፏታል፤ እጁ ላይ የእንጨት ማንኪያ አለ። «እጅሽን ዘርጊ፣ የኔ አንበሳ» ይላታል፣ በእርስዎው በለሰለሰ ድምፅ። እርሷም እየሳቀች ዘረጋችለት።

ማንኪያውን አየር ላይ ቀለብሁት። ሶርቦን አላለቀሰም፤ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ መዳፎቹን አቀረበልኝ። ክቡር ሆይ፣ ሥራዎ ፍጹም ነው፤ የሚያቅፈው እጅ እንኳ እንደሚመታ አድርገው ነው ያስተማሩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ኑስራትና እኔ በቤታችን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ምን ልናደርግ እንደሆነ እየነገርነው ኖርን። ባለፈው ሰሞን፣ ደስታዬን ይካፈሉኝ፣ ጫማ አላደርግም ብሎ በጥፊ አጮለኝ። እጆቹን ይዤ ያንኑ ቃል ነገርሁት። ቤቱን በጩኸት አናወጠው፤ ከዚያም ደረቴ ላይ ተኝቶ አለቀሰ። ኑስራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

አሁን ደግሞ የሚማቱ ሕፃናት ሁሉ አርብ ዕለት ሻይ ቤቱ እንዲቀርቡ ማዘዝዎን ሰምተናል። ስለ ድካምዎ እያመሰገንን፣ እንደማንመጣ በትሕትና እናሳውቃለን። ስንት እናቶች እንደሆንን ከባዶው መደብ ይረዱታል። ወደ ቤቴ ለመምጣት ከፈለጉም ኑስራት ሥራ ቀርቶ ይጠብቅዎታል፤ ሻይ ይቀርብልዎታል፤ አርጩሜው ግን ከደጅ ይቀራል።

ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ያሳደጓቸው እጆች ጎልምሰው፣ እርስዎ ደክመው እስኪያዩዋቸው ድረስ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከመንገድዎ ዘወር የማትለው፣
ሳፋርጉል

ማስታወሻ፦ ይህን ወረቀት ሻይ ቤቱ በር ላይ የለጠፈችው ባለቤትዎ ናት፤ ማጣበቂያውንም ያበጀችው ከራስዎ ቤት ዱቄት ነው። ቤት ሲገቡ ምክንያቱን እንዳይጠይቋት አደራ። አጥሩ ስስ ነው፤ ጎረቤቶችዎ ሁሉ ዛሬ በየግቢያችን ተቀምጠን እያዳመጥን ነው።