ወይም ሞት፣ አሜን

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 77፣ የሻይ ሰዓት

ዛሬም ወፍ ሳይንጫጫ ነቅቼ ጣራ ሳይ አነጋሁ። መኪና አላለፈም። ላንድሮቨሯ ባትመጣም ጆሮዬ ይጠብቃታል፤ ምን ላድርገው? በ. ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። (ባሌ ነው፤ ሙሉ ስሙን አንቺም ላይ አልጽፍም፣ ማስታወሻዬ።) ተኝቷል ስል ተጋድሟል ማለቴ ነው፤ እንቅልፍማ የት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ስትታሸግ ከዘማሪዎቹ ጋር በዚያች ላንድሮቨር ወስደው አሰሩት፣ በክረምቱ ፈቱት። ከዚያ ወዲህ አይዘምርም፣ አያወራም። ገንፎውን አጠገቡ ትቼለት ወጣሁ። ስመለስ እንዳለ እንደማገኘው አውቃለሁ።

11ኛ «ለ»ን ዛሬ ያስተማርኩት፦ አድሬናል ዕጢ። መጽሐፉ ለምሳሌ አንበሳ ይላል፣ እኔ ጅብ አልኳቸው። ጅብ ስታዩ ይህቺ ኩላሊት ላይ የተቀመጠች ዕጢ አድሬናሊን ትረጫለች፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ድራሹ ይጠፋል። ኮርቲዞል ደግሞ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሰውነት እንዲበረታ። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋል። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦ ጅቡ ካልሄደስ?

ደወል አዳነኝ። መልሱማ ቤቴ ተጋድሟል። ሳይሠራ የደከመ፣ ምግብ የማይጥመው፣ የሚወደውን ሁሉ የተወ። ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ ከሰዓት

የመምህራን የውይይት ክበብ ነበረን። ሰብሳቢው ጓድ ታ.፣ ካድሬ። ንግግሩ ረዘመ፣ አዳራሹ ሞቀ፣ ዓይኔ ከዳኝ። በሕልሜ ሐሙስ ነው፤ በየሳምንቱ እንደምናደርገው ምእመናኑ ቤታችን ተሰብስበን በሹክሹክታ እንጸልያለን። ድንገት ድምፅ ከፍ አለ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ግራ እጅ ወጣ። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!»

እኔ፣ ጮክ ብዬ፦ «አሜን!»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ምን ነበር! ጎኔ የነበረችው ወ/ሮ አ. ወንበሯን ሸሸት አደረገች። ጓድ ታ. ትኩር ብሎ አየኝ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ወጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

እማማ ዱ. ከጪጩ መንደር ቆጮዋን አዝላ ለጸሎት መጣች። ደጅ ላይ መለስኳት። ለሌሎቹም ንገሪያቸው፣ ዛሬ የለም አልኩ። ፊቴን ዳበሰችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ቀላ። ምነው፣ አትተኚም እንዴ?» ምን ልበላት? በአንዲት ቃል ሁላችሁንም አስበላኋችሁ ልበላት?

ለበ. አልነገርኩትም። እህል አልወርድ አለኝ። ሰሌዳ ላይ ቀኑን ሁለቴ ጽፌ ተማሪ አረመኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጓድ ታ. ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋው። ተቀመጪ ሳይለኝ ተቀመጥኩ።

ስለ አሜኑ አላነሣም። ያቺ የጅቡን ነገር ያነሣችው ተማሪ ልጁ ናት ለካ! የጠየቀችውም ለእሱ ኖሯል። ሲንጎራደድ እንደሚያድር፣ ምግብ እንዳስጠላው፣ ሰው ፊት ሳያስበው እንባው እንደሚመጣ ነገረኝ። ዕጢዋን የሚያስተኛ መድኃኒት አለ ወይ ሲል ጠየቀኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሐኪም ይጠይቁ አልኩት። ስወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ሐሙስ ከሰዓት ቤታችሁ እመጣለሁ፣ እህቴ።»

እህቴ! ጓድ አላለኝም። እንዲህ የሚጠሩኝ የሐሙስ ጸሎተኞቹ ብቻ ናቸው። ሐሙስን ማን ነገረው? ጨንቆት ነው ወይስ እያጠመደን? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ አለማወቄ ነው የሚገድለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ለበ. ሁሉንም ነገርኩት። ገጠር፣ ኮንጋ፣ ወንድምህ ዘንድ እንሂድ አልኩት። ግድግዳውን ያያል። ጮህኩበት፣ አለቀስኩ፣ ዳግም ቢወስዱህ አልችልም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልችልም። ያኔ ግድግዳውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ይምጣ» አለ።

አብደሃል አልኩት።

«እሱም አይተኛም አልሽኝ እኮ።»

ከተፈታ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13፣ ከሰዓት

ወስኛለሁ። እማማ ዱ.ን ጠዋት ገበያ አግኝቼ መለስኳት፤ ዛሬም ማንም አይመጣም። የሚያዝ ካለ እኛ ብቻ። በ. ጢሙን ተላጨ፣ ምላጩ አገጩን ቆረጠው። ገንፎውን ጨረሰ። ሳህኑን ሳነሣ እንባዬ መጣ።

ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። ዕጢዋ ጅቡን ከሰው አትለይም፣ እኔም አልለየሁም። ግን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ በ. አይደለም።

ላንድሮቨሯ አልተሰማችም። ኮቴ ነው። የአንድ ሰው ይሁን የብዙ አልለይም፤ ልከፍት ሄድኩ።