ሰባት ቤት ሲቆጠር ለተዘለልሽው

ይድረስ ለእናቴ ለዘነበች፤ ከጓሮ ጎጆዋ ወጥታ ላልተመለሰችው።

እምዬ፣ ከተለያየን ስድስት ክረምት አለፈ። ደኅና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደኅና ብትሆኚ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ማን ጻፈለት ብለሽም አትጨነቂ። እኔው ነኝ፣ ታደሰ። ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር አንባቢ ፍለጋ መካነ ሰላም ድረስ ዶሮ ታቅፎ ይሄድ የነበረው ልጅሽ ዛሬ በገዛ እጁ ይጽፋል። በማታው ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ የቀደመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ድሮ ድቁና የተማረ ስለሆነ አይቆጠርም።

ብዙ ነገር ተለውጧል። ባላባቱ የለም። ላባችንን እየሰፈርን እንከትበት የነበረው የእህል ቤቱ ዛሬ የእኛ መማሪያ ነው፤ እኔም ድሮ ጎንበስ ብዬ ጆንያ ከማወርድበት ጥግ ላይ እግሬን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ቦራው በሬ ሞተ፤ ሌላ አሳድገናል። ጎጆሽን አላፈረስኩትም። ጭድ አስቀምጬበታለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ልጄ ሙሉ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትስቅ ያንቺ ፍንጭት ከፊት ጥርሷ መሐል ብቅ ይላል።

ግን ደስታ ላወራሽ አይደለም የጻፍኩት። ተናድጃለሁ፣ እምዬ። ንዴቱ ከየት እንደጀመረ ልንገርሽ።

መምህርታችን ከደሴ የመጣች ልጅ ናት። ፊደሉን ስንጨርስ ሕይወት ስላላቸው ነገሮች ታስተምረን ጀመር። አንድ ማታ ውሃ ውስጥ የዋለ ባቄላ አምጥታ ለሁለት ከፈለችው። በመሐሉ አንዲት ነጭ ቡቃያ ተጠቅልላ ተኝታለች። “እኔ ንፍሮ ስበላ ስንቱን ሕፃን ፈጅቻለሁ!” ብዬ ክፍሉን አሳቅኩት። እሷም ስቃ ቀጠለች። ሰውም፣ ከብትም፣ ባቄላም ሕዋስ በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ነገሮች ነው የተሠራው፣ ቤት በድንጋይ እንደሚካበው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ድንጋይ ሕይወት አለው። በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ሰውዬው ምን እንደሚመስል የሚወስን ነገር አለ። ግማሹ ከአባት ይመጣል፣ ግማሹ ከእናት።

ከዚያ ስለ ሥጋ ደዌ ተናገረች። እኛ ስሙን ላለመጥራት “ትልቁ በሽታ” ስለምንለው። በዘር አይወረስም አለች። የሚያመጣው አንዲት ሕዋስ ብቻ ያላት፣ በራሷ የምትኖር ደቃቅ ፍጡር ናት፤ ከውጭ ትገባለች፣ መድኃኒትም አላት።

“ድገሚው” አልኳት። ደገመችው። “እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ” አልኳት። ሰዉ ቀልድ ላመጣ መስሎት ሳቁን ማዘጋጀት ጀመረ። እምዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣሁ።

የጋለ ድስት በባዶ እጅሽ አንሥተሽ አልተሰማሽም፤ ነገሩ የታወቀው ያን ቀን ነው። አባቴ ጓሮ ጎጆ ቀለሰልሽ፤ የብቻሽን ቅል ሰጠሽ፤ አስካለን አገባ። እኔ ሚስት ላገባ ስል የልጅቷ ወገን የሆኑ የከላላ ሽማግሌዎች ዘር ሊያስቆጥሩ መጡ። ቆጣሪው የአባቴ ወንድም አያ መኮንን ነበር። ሰባት ቤት ወደ ላይ ሲወጣ የማይደናቀፈው ሰው አንቺ ጋ ሲደርስ ጭቃ እንዳየ በቅሎ ዘለለሽ። “ይህ ልጅ የአስካለ ነው” አለ። እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። “አዎን፣ የአስካለ ነኝ” አልኩ። የሰርጉን ዘፈን ከጎጆሽ ሆነሽ ሰምተሻል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ? ያንን ቃል የተናገረው ምላስ፣ እያንዳንዱ ሕዋሱ ግማሹ ያንቺ ነው። በራስሽ ምላስ ነው የካድኩሽ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። እህል ይታደላል ተባለና ተሰለፍን። ጸሐፊው ቤተሰብ ይመዘግባል። “እናት አለህ?” አለኝ። ከኋላዬ የሚስቴ ወንድም ቆሟል። “ሞታለች” አልኩ። አስካለ በፊተኛው ዓመት ሞታ ነበርና ውሸት እንኳ አይመስልም። የአምስት ሰው እህል ሰፈሩልን፤ እኛ ግን ስድስት ነበርን። ከድርሻዬ ቆንጥሬ ሳመጣልሽ አንቺ ለሙሉ መለስሽው። “አብሽር ልጄ፣ እኔ የቀረኝ ትንሽ ነው” አልሽኝ። የቀረሽ ዐሥራ አንድ ቀን ነበር፤ ከዚያ ከጎጆሽ ወጥተሽ አልተመለስሽም።

ጴጥሮስ ሦስቴ ካደ። እኔ ሁለቴ ነው፤ ከሐዋርያውም በለጥኩ ማለት ነው። ዶሮ ግን አልጮኸልኝም። በዚያ ዓመት ዶሮዎቹን በልተናቸው ነበር።

አያ መኮንን ላይ እናደዳለሁ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው አንዲት ሕዋስ መቁጠር አቃተው! ጎረቤቱም ላይ እናደዳለሁ፤ ሁሉም እያወቀ ዝም ያለው የራሱ ጉድ እንዳይወጣበት ነው። አንቺም ላይ እናደዳለሁ። አዎ፣ አንቺም ላይ። “ስሜን አታንሣ፣ ልጆችህን የሚወስድ ይጠፋል” ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በሽታው ከደምሽ የፈለቀ መስሎሽ አንድ ቀን እንኳ ሙሉን ሳታቅፊያት ሄድሽ። ከሁሉም በላይ የምናደደው በማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እንድጽፈው አታስገድጂኝ።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ስንዴው ታጭዶ ሲያበቃ፣ ለሙሉ ከደጎሎ ሽማግሌ ተላከ። ልጁን ወዳዋለች፤ እሱም ወዷታል። አያ መኮንን አርጅቷል፤ ቆጠራውን ግን ለማንም አይሰጥም። ጉሮሮውን ጠርጎ “አባቷ ታደሰ፣ የአስካለ ልጅ” ሲል “አይደለሁም” አልኩ።

እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

“የዘነበች ልጅ ነኝ። በሥጋ ደዌ ጣቶቿን ያጣችው የዘነበች።”

አያ መኮንን “ዝም በል አንተ ቀልደኛ!” ብሎ በከዘራው መሬቱን ደቃው። ዝም አላልኩም። ባቄላ አስመጥቼ እየከፈልኩ ስለ ሕዋስ አስተማርኳቸው፤ መምህርቷ ራሷ እንደዚያ አላስተማረችም። “ሙሉ ከእናቴ የወረሰችው ይህን ፍንጭት ነው፤ እሱን ደግሞ ልጃችሁ ወዶታል” አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው “አብዮት መጣና ገበሬው ሁሉ ሐኪም ሆነ” አሉ። “ሐኪም እንኳ አልሆንኩም አባቴ፤ ዛሬ ገና ልጅ መሆኔ ነው” አልኳቸው። ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ሙሉ ዞርኩ። ጉሮ ወሸባዬ የምትልልኝ መስሎኝ ነበር። “አባዬ” አለችኝ፣ “በራስህ ሰርግ ያልደፈርከውን በእኔ ደፈርክ።”

የከፈልኩትን ባቄላ ከመሬት መልቀም ጀመርኩ።

አምስት ቀን ከእኔ ጋር ገበታ አልቀረበችም። በስድስተኛው ከጎጆሽ ጭዱን እየዛቀች ስታወጣ አገኘኋት። ሳልጠየቅ አብሬያት ዛቅኩ። ጥግ ላይ ቅልሽ ተገኘች፣ አፏ ተሸርፏል። ሙሉ አጥባ ከቤት ዕቃው ጋር ሰቀለቻት። ቅዳሜ ከገበያ መልእክት መጣ፤ ልጁ “ሽማግሎቹ ቢተዉም እኔ አልተውኩም” ብሏል። እሷም በዚያው ሰው መለሰችለት፤ “ከመጣ፣ ቆጠራው ከአያቴ ይጀምር።” ይህን አንደበት ከማን እንዳመጣችው ልነግርሽ እችል ነበር፤ ጉራ ይሆንብኛል።

እስካሁን አልመጣም። በር በር አያለሁ፤ እሷ ግን አታይም።

እምዬ፣ ቢመጣም ባይመጣም ዘሬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከአንቺ እጀምራለሁ። ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ፤ ወሬኛነቴን ታውቂዋለሽ። ግማሹ ያንቺ የሆነው ምላስ ከእንግዲህ አይዘልሽም።

ታደሰ፣ የዘነበች ልጅ።